የሐረጎ ቁልቁለትና የሰይድ ጉልበት

እኔ ሐኪም ቤት የገባሁት በሽተኛ ልጠይቅ እንጂ ልማር አይደለም። ሆኖም በደሴ ሆጤ ሰፈር ጉልበቱን የታመመ ሯጭ ሁሉ ቤቴን ያውቃል። የሯጭን ጉልበት እንደ እኔ የሚያውቅ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ቢፈለግ አይገኝም፤ ያስተማረኝም የለም፣ ራሴ ነኝ የተማርሁት።

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ስመለስ ሐረጎ ላይ ወጣቶች ቁልቁል ሲሮጡ አየሁ። አንዱ ዳር ላይ ቆሞ ጉልበቱን ያሻል። ወዲያው ሰይድ ትዝ አለኝ።

ሰይድና እኔ የምንሠራው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ፣ የምንኖረው ደሴ ነበር። ለፋብሪካው የሩጫ ቡድን ልምምድ ጠዋት ጠዋት ከደሴ ጭጋግ ተነሥተን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል እንምዘገዘጋለን። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሲቀበለን ሹራባችንን ወገባችን ላይ አስረን ሻይ በዳቦ እንበላለን። ማታ ዳገቱን ሰርቪስ ያወጣናል። ብልጥ የሆንን መስሎን ነበር።

ከመስቀል በኋላ የሰይድን ጉልበት ከሎሚው፣ ከክቡ አጥንት ሥር ይወጋው ጀመር። ወጌሻ ሲያሸው ቀለል ይለዋል፤ ቁልቁለቱን ሲጀምር ይመለስበታል። ሰይድ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበር፣ ሚስቱም እርጉዝ። አሰልጣኛችን አያ ይመር ቁርጡን ነግረውታል፦ በጥር ውድድር ከሮጠ ቋሚ ይሆናል፤ ካልሮጠ በቦታው ሌላ ይተካል።

እኔ አካሄዱን ተመለከትሁ። ደረጃ ሲወጣ ደህና ነው፤ ሲወርድ መደገፊያውን ይይዛል። ሰርቪስ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ከቆየም ሲነሣ ያነክሳል። ይህን ሁሉም አይቷል፤ ያሰበበት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ቁልቁል ሲሮጡ የሰውነት ክብደት ጉልበት ላይ ያርፋል፤ ጭንና ዳሌ ካልጠነከሩ ሸክሙን የሚችለው ሎሚው ነው።

"ሰይዶ፣ ከእንግዲህ ቁልቁሉን በሰርቪስ፣ ዳገቱን በእግር" አልሁት።

"ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ቆሜ ውዬ ሐረጎን ልውጣ? ወላሂ አንተ የምትገላግለኝ ከሕመሙ ሳይሆን ከነፍሴ ነው።"

"ሩጥ አላልሁህም። መጀመሪያ በእርምጃ።"

አያ ይመር ሲሰሙ ሳቁ። "ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወጌሻ የሆንኸው?"

"ከትናንት ወዲያ። ሰይድ ካልሮጠ የእኔንም ቦታ ለፈለጉት ይስጡት" አልሁ። ሳቃቸውን ትተው እስከ ጥር ጊዜ ሰጡን።

ሕመሙ እስኪበርድ ሩጫ አስተውሁት። ጀርባውን ግድግዳ አስደግፌ፣ ጉልበቱን በጥቂቱ አጥፎ እንዲቆይ አደርገዋለሁ፤ በጎኑ አስተኝቼ እግሩን አስነሣዋለሁ፤ ካመመው አስቆመዋለሁ። ማታ የማሽላ እሸት እየቃምን ዳገቱን ቀስ ብለን እንወጣለን። ማሽላው ታጭዶ ሲያልቅ ዳገቱን መሮጥ ጀመረ። ረጅም እርምጃ ይወድ ነበርና አሳጠርሁለት። እኔም አብሬው ሁሉንም ሠራሁ።

በጥር ሰይድ አንደኛ ወጣ፤ እኔ ተከተልሁት።

"ቀደምሁህ አይደል?" አለኝ እያለከለከ።

"በሠራሁልህ ጉልበት ነው" አልሁት።

ዛሬ ሳስበው፣ ሰው ሁሉ የሚያመውን ቦታ ያሻል፤ ሕመሙ የመጣበትን መንገድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ጠየቅሁ። ወጌሻ ያቃተውን ጉልበት መለስሁ። ሰይድን ቋሚ ሠራተኛ አስደረግሁ፤ ልጁ ስትወለድ አባቷ ደመወዝ ነበረው። አያ ይመር ቡድኑን በሙሉ ሽቅብ እንዲያስሮጡ አደረግሁ። በዚያ ውድድር አንደኛና ሁለተኛ የወጡት አራት ጉልበቶችም በሙሉ እኔ ያዘዝሁትን የሠሩ ናቸው።