ከጉልበት የማታልፍ ጽድ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንደኔ ባጃጅ የሚያጥፍ የለም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዛ በኋላ ትምህርት ራሱ አልቻለኝም። እናታችን ካረፈች፣ እህቴም ባሕር ዳር ካገባች ወዲህ ግን ማታ ጉራዬን የሚሰማ ጠፋ። ግቢው ውስጥ እኔ፣ የእናቴ ጌሾና አንዲት ጽድ ቀረን።

ጽዷን እህቴ ናት ባለፈው ስትመጣ ከችግኝ መሸጫ ገዝታ የግቢው በር ላይ የተከለቻት። ድንክ ናት። የፈለገ ቢቆይ ከጉልበት አታልፍም ተብሏል። ክብ፣ ጥቅጥቅ ያለች፣ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ። "አደራ፣ እንዳትደርቅብኝ" ብላኝ ሄደች። እኔም ያዝኳት። ጠዋት ባጃጄን ሳላስነሳ ውሃ አጠጣታለሁ፣ ስሯን እኮተኩታለሁ፣ ዶሮ አባርርላታለሁ። ደህና አደርሽ ወይ እላታለሁ። ሰው ካልሰማ ምን ችግር አለው?

ጎረቤታችን ሽማግሌው ግን ሰሙ።

"አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራ?"

"ከጽዷ ጋር ነው፣ አባባ።"

"ጽድ ናት እንዴ? እኔ ጥቅል ጎመን መስላኝ!"

"እንግዲያማ ስትደርስ ለወጥ እልክልዎታለሁ።"

እየሳቁ ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ያወራሁት ያንን ብቻ ነበር፤ ተሳፋሪ "ወራጅ አለ" ማለቱ ወሬ ካልተባለ።

እህቴ ለፋሲካ እመጣለሁ ስትለኝ ደስታ ያዝ ለቀቅ አደረገኝ። ጽዷን ላሳምራት ብዬ መቀስ አነሳሁ። እናታችን ጌሾ ስትቆርጥ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ጌሾ እስከ ግንዱ ቢቆርጡት ዝናብ ሲነካው ብሶበት ያቆጠቁጣል። እኔም በቤቱ በኩል ያለውን ጎኗን እስከ እንጨቱ ላጨሁት። የበልጉ ዝናብ መጣ፣ ጌሾው አቆጠቆጠ፣ እሷ ወይ ፍንክች! ችግኝ ሻጯን ብጠይቃት "ጽድ እኮ ከራቁት እንጨት አይበቅልም፣ ጌሾ መሰለህ?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግቢዬ ስገባ ሳቁ ጠፋ። እህቴ ስታይ ምን ልላት ነው?

በዓሉ ሊደርስ ሲል ደወለች።

"ወንድምዓለም፣ ልጁ ታሞብኛል። አልመጣም።"

"ችግር የለም፣ እታለም" አልኳት። "እኔም እንግዳ ሞልቶብኛል፤ መቀመጫ አታገኝም ነበር።"

"እሰይ! በል የጽዷን ፎቶ ላክልኝ።"

መንገዱ ላይ ወጥቼ ባልተላጨው ጎኗ አነሳኋት። ከውጭ ሆኜ ቤቴን ሳየው ባለቤቱ አገር የለቀቀ ነው የሚመስል። ላክሁላት። ወዲያው መልሳ ደወለች።

"አቤት ስታምር! አንተስ? ለምን ከጎኗ ቆመህ አልተነሳህም?"

"ማን ያንሳኝ?"

እንደ ልማዴ የቀለድኩ መስሏት መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ መሃል ላይ አቆመች።

"እንግዶቹስ?" አለችኝ።

"እንግዶቹማ..." አልኩና ዞሬ ጽዷንና ጌሾውን አየሁ።