ጎንደርን በካልሲ ማለስለስ

ሥራ የገባሁ ለት የፎቶ ቤቱ ባለቤት አያ መንገሻ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት የያዙ ሦስት ሳሕን ከፊቴ ደረደሩ። "ይሄ ምስሉን ያወጣዋል፣ ይሄ ያቆመዋል፣ ይሄ ያጸናዋል። ካቀላቀልሽው ሰውየው ይጠፋል" አሉኝ። ከትክል ድንጋይ ገጠር ወደ ጎንደር የመጣሁ ሰሞን ነው፤ ፊደል አልቆጠርሁም። ቀይ አምፖል ባለባት ጠባብ ጨለማ ክፍል የፎቶውን ወረቀት በመቆንጠጫ እያገላበጥሁ ማጠብ ነበር ሥራዬ።

የደንበኛው ስም ፖስታው ላይ ይጻፋል፣ ነጋቲቩ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ ማንበብ ስለማልችል ነጋቲቩን ወደ መብራት አንሥቼ ሰውየውን አየዋለሁ። እዚያ ላይ ነጩ ጥቁር ነው፣ ጥቁሩ ነጭ። ጥርሱ ጠቁሮ፣ ጠጉሩ ሸብቶ ነው የሚታይ። ከመልመዴ የተነሣ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በልቤ እየገለበጥሁ አየው ነበር። የአንዱን ፎቶ ለሌላው ሰጥቼ አላውቅም።

ከአጣቢነት ወደ አታሚነት አለፍሁ። ነጋቲቩን በብርሃን አጉልቶ ወረቀት ላይ የሚያሳርፈውን ማጉያ ማሽን ያዝሁ። ቀጥሎ ያለው አንሺነት ነው፤ ካሜራ አንግቶ ፀሐይ ላይ መውጣት። ያንን ተራ ስጠብቅ ውብነሽ መጣች።

ውብነሽ የአዘዞ ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ አንገቷ ረዘም ያለ፣ ሳቂታ። አያ መንገሻ በወሯ ካሜራ ሰጧት። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ቆሜ! ምናለ ሥራዋ መጥፎ በሆነ እላለሁ። መጥፎ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ፒያሳን አንሥታ መጣች። ያተምሁላት እኔ ነኝ። የመንገዱ መብራት ዙሪያው እንደ ባዘቶ ተፈልቅቆ፣ ግንቡ ለስልሶ፣ የጋሪው ፈረስ ከብርሃን ውስጥ የወጣ መስሎ። ሳሕኑ ውስጥ ቀስ እያለ ብቅ ሲል ቀናሁባት።

አያ መንገሻ መስኮቱ ላይ ሰቀሉት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ሁለተኛ ካሜራ ገዝተው ነበርና፣ "እንዲህ ያለ ለስላሳ የከተማ ፎቶ የሚያወጣልኝ ካለ ካሜራው የሱ ነው" አሉ።

ውብነሽን ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኋትም። ቦርሳዋ ውስጥ ስስ ጥቁር የናይለን ካልሲ አይቻለሁ፤ ሌንስ ላይ ትወጥራታለች ሲሉም ሰምቻለሁ። ሌንስ እኔም አለኝ፣ ማጉያው ላይ። ምሳ ስትወጣ ካልሲዋን ሰረቅኋት።

የግንቡን ጥርት ያለ ነጋቲቭ አስገብቼ፣ ካልሲዋን ማጉያው ሌንስ ላይ ወጥሬ አተምሁ። መለስለሱንስ ለሰለሰ፤ ግን ጨለመ። የግንቡ ጥላ ወደ ሰማዩ ፈሰሰ፣ የዛፉ ጥቁረት ግድግዳውን ለበሰው። ካልሲዋን አጠፍኋት፣ ነጠላ አደረግኋት፣ ሕትመቱ ግማሽ ሲደርስ ከሌንሱ ላይ አወጣኋት። ያው ጥቀርሻ። ሳምንት ሙሉ ወረቀት ፈጀሁ።

አያ መንገሻ አንዱን ከቅርጫት አንሥተው፣ "ምነው እታለም፣ ጎንደር ተቃጠለች እንዴ?" አሉኝ።

ውብነሽ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። እሳቸው ሲወጡ፣ "ካልሲዬን አንቺ ነሽ የወሰድሽ?" አለችኝ።

"ኧረ ካልሲሽን ምን ላደርጋት! እግሬም አይገባባት።"

ሳቀች። "እቴ፣ እሱ እኮ ካሜራው ላይ ነው። ካሜራው ላይ ሲሆን የሚፈስ ብርሃኑ ነው። አንቺ ከነጋቲቭ ነው የምታትሚ። ነጋቲቩ ላይ የሚያበራ በፎቶው የሚጠቁረው አይደል? እሱ ነው የፈሰሰብሽ።"

ይኸንን ለኔ ነው የምትነግር! ሰውን በነጋቲቭ ለማውቅ ለኔ! ከስርቆቱ ይልቅ እሱ አንገበገበኝ።

በነጋታው ካሜራዋን ከተረፈቻት አንዷ ካልሲ ጋር ይዛልኝ መጣች። "ዛሬ እኔ ላትም። አንቺ ፒያሳ ውጪ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ቶሎ በይ" አለችኝ። እጄ ሊዘረጋ ነበር። ታዲያ ከሷ ተቀብዬ ሸጋ ፎቶ ባወጣ ውብነሽ አስተማረቻት ሊባል ነው።

"ሥራ አለኝ" አልኋት።

ሁለተኛውን ካሜራ ከሌላ ፎቶ ቤት የመጣ ሰው ወሰደው። እኔ ቤቱ ወደ ቀለም ፎቶ እስኪዞር ድረስ ጨለማ ክፍል ቀረሁ።

አሁን ይችን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ጎንደርን በስልኳ ታነሣና ጥቁርና ነጭ ታደርጋታለች። ቀጥላ ጣቷን ሳብ ታደርገዋለች፤ ከተማው ይለሰልሳል፣ ብርሃኑ ይፈሳል። አንድ ወረቀት አልፈጀች። "እማማ፣ ሸጋ አይደለም?" ትለኛለች። "ደኅና ነው" እላታለሁ። ከዚያ በላይ ከአፌ አይወጣልኝ።

ለዚህ ሥራ ለምትገቡ የምላችሁ ይኸው ነው። ማለስለሻውን ስታነሡ አድርጉት፣ ስታትሙ አይሆንም። ሰው ካሜራውን ሲሰጣችሁም ተቀበሉ፤ መቅናቱ ኋላም ይደርሳል።