የሳንባ ሰዓት

ከድሬዳዋ በወጣሁበት ማታ አባቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ መዘነው። ሚዛኑን የተዋሰው ከሰፈራችን ሥጋ ቤት ነበር። በመጨረሻ እናቴ ካሸገችው ሽሮ ግማሹን አውጥቶ፣ በቦታው በጋዜጣ የጠቀለለውን ደረቅ ዳማከሴ ከተተበት። ባጃጁ ደጅ ቆሞ ክላክስ ሲያደርግ እጄን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰደኝ።

«ቃል ልግባልሽ» አለኝ። «ክፉ ነገር ቢመጣ ሊነጋ ሲል ሽማግሌ ልኬ በርሽን አላስንኳኳም። እኔው ራሴ በአፌ እነግርሻለሁ። አንቺም እንደዚያው፤ ከእኔ የምትደብቂው ነገር አይኑር።»

«እሺ አባዬ» አልኩ። ሌላ ነገር ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን ዓይን አፋር ነኝ፣ ለአባቴም ጭምር።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁት፣ እንዲሁም እዚህ ሆናችሁ እንደ እኔ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ላቃታችሁ ነው።

ቶሮንቶ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ክሬሰንት ታውን ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰላም ከምትባል ልጅ ጋር እኖራለሁ። እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እኔ አገሬ ፋርማሲ ተምሬ፣ እዚህ የፈቃድ ፈተናውን እስካልፍ ድረስ መድኃኒት ቤት ውስጥ ረዳት ነኝ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ሊነጋ ሲል በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። የሰላም ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ፤ አምስት፣ ጥቁር ኮት የለበሱ። ሁሉም እኔን አዩኝ። በዚያች ቅጽበት መርዶው የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

«ሰላም ተነስታለች እንዴ፣ የኔ ልጅ?» አሉ ትልቁ ሰውዬ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፈው፤ ደስ አለኝ። ወዲያው ሰላም የሞተችውን እናቷን እየጠራች ስትወድቅ የደገፍኳት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይከፈታል። ሊፍቱ ሲደውል ትንፋሼን እይዛለሁ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ይመጣል፣ ያልፋል። ጎህ ሲቀድ ደግሞ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ስነሳ ዝናብ የመታው ፍራሽ የተሸከምኩ ያህል ሰውነቴ ይከብዳል። አንድ ጠዋት ሥራ ቦታ የአንዲት አሮጊት ኪኒን በሌላ ሰው ስም ላሽግ ስል ራሴው ደረስኩበት። ያን ቀን እያንዳንዱን ስም ሁለቴ እያነበብኩ ዋልኩ።

የአባቴን ድምፅ ከሰማሁም ስድስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። እሁድ ከሰዓት እደውላለሁ፤ ወንድሜ ናሆም ያነሳል።

«አባዬስ?»

«ተኝቷል። እዚህ እኮ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው አቦ! ይልቅ ብርዱስ እንዴት ነው?»

ብርዱን ሲጠይቀኝ ወሬ እያስቀየረኝ መሆኑ ይገባኛል። ውጭ ላለ ሰው እንዴት እንደምንደብቅ አውቃለሁ። አክስቴ ስትሞት ዓረብ አገር ለነበረችው ልጇ አንድ ዓመት ደብቀናል፤ ስልክ አንስቼ «ገበያ ወጣ ብላለች» ያልኳት እኔ ነበርኩ።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ደሜ ምንም እንከን የለበትም ተባለ። «የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?» ሲለኝ «የለም፣ ደህና ነኝ» አልኩት። እኛ «ደህና ነኝ» ብለን ነው የምንጀምረው፤ ሐኪሙ ግን እዚያው ላይ ጨረሰ።

የቻይና ሐኪሟን ያገኘችልኝ ሰላም ናት። «የምንከባከባቸው አሮጊት የጠዋት ድካማቸው በእሷ ቅጠል እንደለቀቃቸው ነው የሚያወሩት። ጸልዬበታለሁ፣ ቡክ አድርጌልሻለሁ፣ ሂጂ።»

«ፋርማሲ ተምሬ ቅጠል ልቀቅል?»

«ሻንጣሽ ውስጥ ያለው ዳማከሴ ታዲያ ምንድነው፣ አንቲባዮቲክ?»

የሐኪሟ የወይዘሮ ሊን ክፍል ከአንድ አትክልት መሸጫ በላይ ነው። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ትናንሽ መሳቢያ ነው፤ ሽታው የድሬዳዋን የቀፊራ ገበያ ቅመም ሻጮች አስታወሰኝ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። ምላሴን አዩ። ከዚያ ሦስት ጣታቸውን በአንዱ የእጅ አንጓዬ፣ ቀጥሎ በሌላው ላይ አሳርፈው የደም ሥሬን አዳመጡ። «ደህና ነኝ» የምልበት ክፍተት እንኳ አላገኘሁም።

«ስንት ሰዓት ትነቂያለሽ?» እንግሊዝኛቸው እንደ እኔው እየፈራ የሚራመድ ነው።

በእነሱ አቆጣጠር «አራት» አልኩ።

«ከሦስት እስከ አምስት የሳንባ ሰዓት ነው። በእኛ ሕክምና ሐዘን የሚቀመጠው ሳንባ ውስጥ ነው። ማን ሞተብሽ?»

«ማንም።»

ጣታቸውን አላነሱም። «ታዲያ ማንን ነው የምትጠብቂው?»

እጄን ሳብኩ። ቅጠልና ሥሩን ሲመዝኑልኝ የእያንዳንዱን ስም ጠይቄ ጻፍኩ፤ ቤት ገብቼም ጉዳት እንዳይኖረው አንድ በአንድ አመሳከርኩ። አንደኛው የቁርቁራ ዘመድ ፍሬ ነው። ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ በኪሳችን ሞልተን የምንበላው ቁርቁራ፣ እዚህ በሐኪም ትእዛዝ!

በሦስተኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ የቅጠሉን ድስት ጥጄ ቆሜ ሳለ በሩ ተንኳኳ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ጥቁር ኮት ታየኝ። ግድግዳውን ይዤ ከፈትኩ። የሕንፃው ኃላፊ፣ ሱፐርኢንቴንደንቱ ነው።

«እዚህ ቤት ምን ሞቶ ነው የሚሸተው?»

«ማንም አልሞተም!» ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቴ ኃላፊ በሆነ ሰው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። «ጎረቤቶች ደውለው ነው። ምንድነው የምታበስይው?»

«መድኃኒት።»

«በርበሬያችሁ ሸተተ ብዬ ስንት ደብዳቤ ጽፌላችኋለሁ። ዛሬ ናፈቀኝ። መስኮቱን ክፈቺው።»

«ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ነው። በብርድ ብሞትስ?»

«ለሱ ሌላ ፎርም አለ» ብሎኝ ወደ ሊፍቱ ሄደ።

መድኃኒቱ እንደ ኮሶ ይመራል። ሁለት ሳምንት ጠጣሁት። እንቅልፌ ትንሽ ጠለቅ አለ፣ እግሬም ሞቀ፤ አሥር ሰዓት ግን አልለቀቀኝም። ተመልሼ ሄድኩና፣ ወይዘሮ ሊን አንጓዬን ይዘው ሲያዳምጡ፣ በሩ ላይ ስለቆሙት አምስት ሰዎችም ስለ አባቴም ሁሉንም ነገርኳቸው።

«መድኃኒቴ በር ላይ የቆመ ሰው አያባርርም» አሉኝ። «አንቺ ስትነቂ አገርሽ ስንት ሰዓት ነው?»

«እኩለ ቀን።»

«እኩለ ቀን ላይ ማን ይተኛል?»

ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ የሚያስተኛባትን ድሬዳዋን አያውቋትም። ግን አባቴ ከምሳ በፊት ተኝቶ አያውቅም።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ዓይኔ ሲከፈት ተነስቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የናሆምን ትቼ የእናቴን ስልክ ደወልኩ።

«ምነው ልጄ? ምነው በዚህ ሰዓት?»

«እማዬ፣ አባዬን ስጪኝ።»

«እ... ወጣ ብሏል።»

«እስኪመለስ አልዘጋም።»

«ወጥ ጥጃለሁ እኮ፣ ማታ ናሆም...»

«አልዘጋም እማዬ። አባዬ ሞቷል?»

«አፍሽን ያዢ! በስመ አብ! አልሞተም!»

«ታዲያ ስጪኝ።»

ከዚያ ማልቀሷን ሰማሁ። «ግማሽ ጎኑን ይዞታል፣ የኔ እናት። ምላሱ ተሳስሮ ቃል አይወጣውም። እኛማ ያኔውኑ ልንነግርሽ ነበር፤ እሱ ነው የከለከለን። በግራ እጁ ወረቀት ላይ ጻፈልን፤ ‹እኔ ራሴ በአፌ እነግራታለሁ፣ ቃል ገብቻለሁ› ብሎ። አፉ እስኪፈታ እየጠበቅን ነው።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ የሚዞረው የቬንትሌተር ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ቃል ያልሆነ ነገር፤ ጀመረ፣ ተሰበረ፣ እንደገና ጀመረ።

«አባዬ፣ ተወው፣ አትድከም» አልኩት። «እኔም ደብቄሃለሁ። ደህና አይደለሁም። ጠዋት ጠዋት መነሳት አቅቶኛል።»

ትንፋሹን ሰማሁት። ውጭ ሊፍቱ ደወለ፤ ኮቴ ወደ እኛ በር መጣ። ማለፍ አለማለፉን አላዳመጥኩም። አባቴ አንዱን ትንፋሽ አስወጥቶ ሌላውን እስኪያስገባ ድረስ ረጅም ነው፤ እኔ ያንን እየጠበቅሁ ነበር።