ከቦይ ያነሳሁት ቆዳ

የቆዳ ቅቅል ሽታ አፍንጫ ላይ አይቆምም፤ ወርዶ ምላስ ላይ ይቀመጣል። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ዋጥኩት፤ ያውም በሁዳዴ፣ በባዶ ሆዴ። ዛሬም ሳስበው ምራቄ ይመረኛል።

መካነ ሰላም ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ክረምት ክረምት ማስተርሴን እማር ነበርና የመመረቂያ ሥራዬ ኤሮጄል ነበር፤ ከረጋ ነገር ውስጥ ውሃው ወጥቶ በቦታው አየር የተተካበት፣ መዳፍ ላይ ሲያስቀምጡት ያለም የማይመስል፣ ሙቀት የማያሳልፍ ነጭ ነገር። የሚሠራበትን ማዕድን፣ ሲሊካን፣ ከደጎሎ ካስመጣሁት የገብስ ገለባ አመድ አወጣሁ። እስከዚያ ጥሩ ነበር። ሲሊካ ብቻውን ግን ሲደርቅ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል፤ አንድ ላይ የሚይዘው የተፈጥሮ ነገር ይፈልጋል። እኔ የመረጥኩት ጄላቲን ነበር። ከአዲስ አበባ ያዘዝኩት ዱቄት አልደርስ አለ። አማካሪዬ ደግሞ ናሙናው ከፋሲካ በፊት ካልደረሰው ሌላ ዓመት እንደምጠብቅ ቁርጡን ነገረኝ። ጄላቲን ከቆዳ ተቀቅሎ እንደሚወጣ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ!

ቆዳ ገዢ ካጣ ወዲህ በዓል ባለፈ ቁጥር ከተማው ቦይ ውስጥ የበግ ቆዳ ይጥላል። የቅበላው ቆዳ ገና እዚያው ነበር፤ ዝንብ ወርሮት፣ ውሻ ጎትቶት። ሁለቱን ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ ወደ ትምህርት ቤት ወሰድኳቸው። በኖራ ዘፍዝፌ ፀጉሩን ስፍቅ ከሥሩ የሚወጣው ልጋግ ጥፍሬ ውስጥ ይገባ ነበር።

የእኔ ድስት ትንሽ ናት። ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቼ የምኖርባቸውን ሴትዮ፣ እማማ ነው የምላቸው፣ ትልቁን ድስት እንዲያውሱኝ ጠየቅኳቸው። ለትምህርት ቤት ውሃ ላፈላበት ነው አልኩ። እማማ ሙስሊም ናቸው፤ እኔ ክርስቲያን። በእኛ አገር አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የዋሸሁት።

ከቤተ ሙከራው ጀርባ ሦስት ድንጋይ ጎልቼ ቀቀልኩ። ቢጫ ስብ ተንሳፈፈ፤ ያልተፋቀ ፀጉር አብሮ ይዞር ነበር። ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። ከነጠላዬ ላይ ሽታው አልለቅ ብሎ በመጨረሻ ነጠላውን ጣልኩት። ግን ሠራ። ጄላቲን የገባበት ኤሮጄል በአውራ ጣቴ ስጫነው አልተፈረፈረም። ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። ድስቱን በአመድም በሳሙናም ሦስት ጊዜ አጥቤ መለስኩ። ምንም አልቀረበትም ብዬ ራሴን በኬሚስትሪ አሳመንኩ።

በሳምንቱ፣ ጾማቸው ሊፈታ ሲል፣ እማማ ጠሩኝ። የሁለታችን ጾም በዚያ ዓመት ገጥሞ ነበር። ምንጣፉ ላይ ቴምር፣ ከጎኑ ያ ድስት፣ ውስጡ የአጃ ሾርባ።

"ነይ ልጄ፣ ከኔ ጋር አፍጥሪ። አንቺም ጦመኛ ነሽ ብዬ ሥጋም ቅቤም አላስነካሁትም" አሉኝና ቀድተው ሰጡኝ። አዛን ሲሰማ እሳቸው ከስኒያቸው ሁለቴ ፉት አሉ።

ወደ አፌ አስጠጋሁት። ሽታው በውስጡ ይኑር አእምሮዬ ይፍጠረው አላውቅም፤ ብቻ ተነስቼ ወደ ደጅ ሮጥኩ።

"አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ምን ነካሽ? አመመሽ?" እያሉ ጀርባዬን ያሹኝ ጀመር። የእጃቸው ልስላሴ ከሁሉም ባሰብኝ። እዚያው ጎንበስ እንዳልኩ ነገርኳቸው።

እጃቸው ቆመ። "ማን ያረደው ነው?"

"አላውቅም። ከቦይ ነው ያነሳሁት።"

"ያረቢ! ጥንብ ነው?" አሉ፤ አልጮኹም። እጃቸውን ከጀርባዬ አንስተው፣ "የኔስ ይሁን። ከዚሁ ሾርባ ለሦስት ጎረቤት ልኬያለሁ እኮ። በሽተኛው ሽማግሌ ሳይቀሩ ከኔ ድስት ነው ያፈጠሩት።"

"እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። አልኩ እንጂ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። ተማሪዎቼ ናቸው የሁለቱ ቤት ልጆች። መምህሯ ጥንብ አበላችን ሲሉ ከአሁኑ በጆሮዬ ሰማሁት።

እማማ ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ። አጥሩ የእንጨት ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

"አፉ በሉኝ" አሉ የመጀመሪያው በር ላይ። "የላክሁት ሾርባ ሐላል ባልሆነ ድስት የተሠራ ነው። የተረፈ ካለ ድፉት።"

"ማን ነክቶብሽ ነው?" አለች ጎረቤቷ።

"ማንም አልነካው። እኔው ነኝ፣ ሳላጣራ።"

ሁለተኛውም በር ላይ እንዲሁ አሉ። ሽማግሌው ቤት ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ያለቅሱ ነበር። ራሴን ተጸየፍኩት፤ ከቆዳው፣ ከስቡ፣ ከልጋጉ አብልጬ። ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ ሦስቱንም ሰማሁ፤ አልወጣሁም።