ጨሞጋ ዳር የተነገረኝ መርዶ

እናቴ በሕይወት ሳለች አንድ ጊዜ አልቅሼላታለሁ። ያለቀስኩትም እንደ ደንቡ ነው፤ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ሽማግሌ ዙሪያዬን ከቦኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ነገሩ የሆነው መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ጤፉ ማሸት ሲጀምር፣ የጨሞጋን ወንዝ ተከትለን ቁልቁል በእግር ስንጓዝ ነው። ሐሳቡ የጓደኛዬ ነበር። አብረን አድገን፣ አብረን ተምረን፣ አሁንም ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት እንሠራለን። እናቶቻችን ጎረቤት ሆነው ነው ያሳደጉን። እኔ እነሱ ቤት ስበላ፣ እሱ እኛ ቤት ሲበላ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። የእሱ እናት ዓይናቸው ጠፍቶ ደብረ ወርቅ ሴት ልጃቸው ዘንድ ከገቡ በኋላም እናቴ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካገኘች ባዶ እጁን አትሸኘውም።

እንግዲህ ይህ ጓደኛዬ ድንኳንና ብርድ ልብስ አዝለን ወንዝ ለወንዝ እንሂድ፣ አንድ ሌሊትም ሜዳ ላይ እንደር አለ። መኪና እያለ በእግር፣ ቤት እያለ ሜዳ ላይ! ሚኒባስ ከመነሻችን አድርሶን ከተመለሰ በኋላ መንገድ ላይ ያገኘን ገበሬ ሁሉ ቆሞ ያየን ጀመር። አንዱ ለጠበል ነው ወይ ብሎ ጠየቀን። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ያን ሁሉ ሸክም አይታ፣ ከማን ጋር ተጣልታችሁ ነው ከቤት የወጣችሁት አለችን። ጓደኛዬ በሣቅ ፈረሰ። እኔ ከረፋዱ ጀምሮ ስነጫነጭ ነው የዋልኩት፤ ጫማዬ ውሃ ገብቶበታል፣ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ከሁሉም በላይ የእሱ ደስታ ያናድደኛል። ደግነቱ መነጫነጬን ለምዶታል። ቀትር ላይ ወንዙን ስንሻገር እሱ ያዘለው የቀይ ቦርሳ ማንገቻ ትከሻውን ልጦት አየሁና አዘንኩለት። ተለዋወጥን፤ ቀዩን እኔ አዘልኩ፣ የእኔን ሰማያዊ እሱ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከወንዙ ከፍ ብሎ ካለ አንድ ቤት ደረስን። ባለቤቱ ሽማግሌ ነበሩ። አጥራቸው ሥር ሣሩ ላይ ድንኳን እንድንተክል ስንጠይቃቸው ተቆጡ። እንግዳ በደጄ ሜዳ ላይ አድሮ ነገ አገሩ ምን ይለኛል አሉ። ራታችንን ከቤታቸው ልንበላ ቃል ስንገባላቸው በስንት ልመና ፈቀዱልን።

ድንኳኑን ተክለን እንደጨረስን አንድ ጎረቤታቸው ከላይ ከጉብታው እየሮጠ ወርዶ ሽማግሌውን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዳቸው። በዚያ አካባቢ ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ብቻ ነው። ጥቂት ተንሾካሾኩ። ሽማግሌው ቀና ብለው ወደ ድንኳኑ ላስገባ ያነገትኩትን ቦርሳ አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። እግሬን ራሳቸው ዝቅ ብለው አጠቡኝ፤ ለጓደኛዬ ውሃውን አቀበሉት። ራት ሲቀርብ ወተቱም እርጎውም ወደ እኔ ነው። ባለቤታቸው ደጋግመው ያጎርሱኛል፤ ሲያጎርሱኝ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ጓደኛዬ በጆሮዬ፣ የሚያሳዝን ፊት ስላለህ ነው እያለ ያሾፍብኛል። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መከበሬ ደስ ብሎኛል። እንተኛ ስንል ድንኳኑ ቀረ፤ ሽማግሌው እምቢኝ አሉ፤ መደቡ ላይ ቁርበት አንጥፈው፣ አንድ ያላቸውን ጋቢ አለበሱኝ።

በአገራችን መርዶ የሚነገረው ሰውዬውን አብልቶ፣ አስተኝቶ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። ይህን ደንብ የማያውቅ የለም። እኔ ራሴ ስንት ሰው አርድቻለሁ። ግን ሰው በራሱ ሲመጣበት አይነቃም፤ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ገና ወፍ ጭጭ ሳይል ቀሰቀሱኝ። ስወጣ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። በርጩማ ላይ ተቀመጥ አሉኝ። ጓደኛዬ ከእኔ ቀድሞ ገባው፤ መጥቶ ከኋላዬ ቆመና እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። የሰፈሩ ቄስ ሁላችንም በዚህ ዓለም እንግዶች መሆናችንን እየተናገሩ ከሩቅ ጀመሩ። ከዚያ ሽማግሌው ተጠጉኝ።

«ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ። እናትህ ዐርፈዋል።»

ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። መሬት ላይ ነበርኩ። ትናንት ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ትወጣለህ ብላ ስትቆጣኝ በሩን ዘግቼባት ነው የመጣሁት፤ ያንኑ ያንኑ እያልኩ እንደ እብድ ጮህኩ። ጓደኛዬ አብሮኝ ወድቆ፣ ከኋላ አቅፎኝ፣ «እናቴ፣ እናቴ» እያለ ይንሰቀሰቃል። ያሳደገችው ናትና ማን ይፈርድበታል። በስንት መከራ አንሥተው መልሰው አስቀመጡኝ። ሽማግሌው ሊያጽናኑኝ ጎንበስ አሉ።

«በቃ ልጄ፣ እሳቸውስ ዐረፉ። ዓይናቸው ከጠፋ ስንት ዘመን። ከጨለማው ወጡ።»

ለቅሶዬ ቆመ። የእኔ እናት ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። ትከሻዬን ሲያሻሽ የነበረው እጅም ቀጥ አለ። ዞሬ ላየው ፈለግሁ፤ አንገቴ እምቢ አለኝ።

«አባባ» አለ ከኋላዬ፣ ቀስ ብሎ። «የሞተችው የእኔ እናት ናት።»

በኋላ እንደሰማነው፣ መርዶውን የላከው ደብረ ማርቆስ ያለው አጎቱ ነው። የእኛ ስልክ ስላልሠራለት የጫነንን ሹፌር ፈልጎ አግኝቶ፣ የጓደኛዬን ስም ነግሮ፣ ቀይ ቦርሳ ያዘለው ነው ብሎ አስረድቶታል። ሹፌሩ መንገዳችንን ያውቅ ነበርና እዚያ ጉብታ ላይ ለሚያውቀው ሰው ሲደውል፣ ስሙ ጠፍቶበት፣ ዓይናቸው የጠፋ እናቱ ዐርፈዋል፣ ልጃቸው ቀይ ቦርሳ ያዘለው ነው ብሎ ብቻ ተናገረ።

እናቴ ከሞት ተነሣችልኝ፤ በዚያው ቅጽበት የእሱ ሞተችበት። ደስታም ድንጋጤም በአንድ ላይ መጥተው ሁለቱም አልወጣ አሉኝ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ፤ እንዴት እንደሚመለስ ግን ማንም አላስተማራቸውም። የተናገሩት ሽማግሌ እኔን ከበርጩማው አነሡና እሱን አስቀመጡት። ጋቢውን ከእኔ ገፈው አለበሱት። ከዚያም፣ እሱ እያወቀ፣ ሁላችንም እያወቅን፣ ያንኑ ቃል ደገሙት።

እሱ አላለቀሰም። እንባውን በእኔ እናት ጨርሶታል።

ሰዎቹ እስከ ጉብታው ሸኙን፤ ከዚያ መኪና ፈልገን ደብረ ወርቅ ለቀብር ልንደርስ ነው። ስልኬ መሥራት ሲጀምር ጓደኛዬ ቆመና ደውልላት አለኝ። ድምፅዋን ሳትሰማ ሆድህ አያርፍም አለኝ።

«የእኔን ግን በስልክ እንዳትነግራት። ብቻዋን ናት፤ ነገ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ ይንገራት።»

ደወልኩ። እናቴ ስልክ ላይ ወንዝ ማዶ ላለ ሰው እንደምትጣራ ነው የምትናገረው፤ አጠገቤ ቆሞ ቃል በቃል ይሰማታል። ቁርሱን ሳልበላ በመሄዴ ገና ቁጣዋ አልበረደም። እግራችሁ እንዴት ነው፣ ምን በላችሁ፣ እሱስ ደህና ነው ብላ አከታትላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ለስለስ አለ። ጓደኛዋን ሌሊት በሕልሟ አይታት አድራለች።

«እናቱስ ደህና ናት?» አለችኝ።

አየሁት። እሱም አየኝና በል ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ።

«ደህና ናት» አልኳት።