ባለ ካባው በእኛ በኩል ሲነበብ

በልጅነት የወደዱትን ኮሚክ፣ ያንን በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ ካደጉ በኋላ አይደግሙትም፣ ያስጠላል ይላሉ። እኔ ደግሞ ምክር የሚገባኝ ሰው አይደለሁም፤ ደገምኩት። ብቻዬን ቢሆን ኖሮ ሳቅ ብዬ እከድነው ነበር። ያነበብኩት ግን ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው፤ ያኔ ወንድሜ ዓይኔ እያየ እየጠፋ ነበር።

እየጠፋ ስል ከቤት ኮብልሎ አይደለም። እዚሁ ጅጅጋ፣ ቤታችን፣ አልጋው ላይ ተኝቶ ነው። ነገሩ የጀመረው የሰልባጅ ተራው ሲቃጠል ነው። የ2010ን የክረምት ሁከትና ቃጠሎ ማለቴ አይደለም፤ ያንን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም ስለሱ ማውራት አልወድም። ይሄኛው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ ነው አሉ፤ አመሻሹ ላይ ተነስቶ ሱቆቹን ጠራርጎ በላቸው። ወንድሜ እዚያ ልብስ ይሸጥ ነበር። ሰው ሁሉ ዕቃውን ለማትረፍ ሲሯሯጥ እሱ የራሱን ትቶ ዘበኛውን ሽማግሌ ሊያወጣ ገባ። በጀርባው አዝሎ አወጣቸው። ሰው አጨበጨበ፣ እልልም ያሉ ነበሩ። ሽማግሌው ግን ሆስፒታል ገብተው አልሰነበቱም።

ወንድሜ ከቀብራቸው ተመልሶ ተኛ፤ በቃ፣ ተኝቶ ቀረ። "ያወጣኋቸው ሰውዬ ሞቱ፤ ታዲያ ያወጣሁት ምንድን ነው?" አለኝ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲያ ስለ እሳቱ አላነሳም። ሐኪም አሳየሁት። ሳንባው ደህና ነው፣ ቁስሉም ድኗል አሉኝ። "ታዲያ ለምን አይበላም?" ብል ሐኪሙ "ይብላ እንጂ" አለኝ። እግዜር ይስጠው! እኔም ይሄን አላጣሁትም ነበር።

እናትና አባታችን ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ጠዋትም ማታም ያው ጥያቄ ነው። "ራበህ?" "አይሰማኝም።" "በረደህ?" "አይሰማኝም።" የጅጅጋን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮውን ሲያንቋቋው ጣሪያው የሚሄድ ይመስላል። እሱ በሸሚዝ ተጋድሞ ኮርኒሱን ያያል። ጋቢውን እኔ ካልጣልኩበት እጁን አይሰድለትም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከክፍሉ የተቃጠለ ናይለን ሽታ ይመጣል። አንሶላውን ቀቀልኩ፣ ወለሉን በበረኪና ፈተግኩ፣ ምንም። ጎረቤታችን እንኳ በራፉ ላይ ቆመው "ምን እየነደደ ነው?" ብለው ጠይቀውኛል።

አንድ ቀን መዳፉን ወደ መስኮቱ አነሳና "እዪ፣ ብርሃን ያሳልፋል" አለኝ።

እብደት ነው ብዬ ልስቅበት ነበር። ግን አየሁ። ለአንድ አፍታ የመስኮቱ ብረት በመዳፉ ውስጥ አልፎ የታየኝ መሰለኝ። አማተብኩና መጋረጃውን ዘጋሁት። ልጅ ሳለን ይሄን የመሰለ እጅ የት እንዳየሁ ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው።

አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ አፍደምም ኤረርም ኖረናል። እናታችን ኤረር ላይ ሰልባጅ ትሸጥ ነበር፤ ቦንዳው፣ የታሰረው የልብስ ጥቅል፣ ከጅቡቲ በሽንሌ በኩል ይመጣል። አንድ ቀን ከቦንዳው መሀል፣ ትልቅ የወንድ ካፖርት ውስጥ ተጠቅልሎ፣ የዐረብኛ ኮሚክ ወጣ። የቤቱ ሰው አንዱም ዐረብኛ አያውቅም። ዐረብኛ ከቀኝ እንደሚጻፍ ማንም አያጣውም፣ በየሱቁ በራፍ ላይ እናየዋለን። ሥዕል ግን ቀኝና ግራ ያለው አልመሰለንም። እንደ አማርኛ መጽሐፍ ከግራ ገለጥነው፤ ወንድሜ ከራሱ እየፈጠረ ያነባል፣ እኔ እገልጣለሁ።

በእኛ በኩል ታሪኩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባዶ መንገድ ይታያል፤ መሀሉ ላይ ግራጫ ካባ ወድቋል፣ ከላዩ አንድ ትልቅ ቃል ተጽፏል። ቃሉን የጀግናው ስም ነው ብለን ወሰንን። ቀጥሎ ከካባው ውስጥ እንደ ጭስ ያለ ሰው ይነሳል፤ ከጀርባው ያለው ግንብ በሱ ውስጥ ይታያል። ከዚያ የሚነድ ቤት አለ፤ ባለ ካባው፣ ሰው ተሸክሞ፣ ወደ እሳቱ ይገባል! እኔ መጀመሪያ ያየሁ ዕለት አልቅሻለሁ። ቀጥሎ ባለው ሥዕል ግን እሳቱ የለም፤ ቤቱ ደህና ነው፣ ሰዎቹም መስኮት ላይ ቆመዋል። ሰው ባስገባ ቁጥር እሱ እየወፈረ፣ እየጠቆረ፣ ሰው እየሆነ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ ካባውን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ከቤተሰቡ ጋር እራት ይበላል።

"እሳቱ ለምን ይጠፋል?" ብዬ ወንድሜን ስጠይቀው "ሰው ሲመጣበት ያፍራላ!" ይለኝ ነበር። ይሄን መልስ ስንት ዓመት አምኜው ኖሬአለሁ።

ኮሚኩ ከእናታችን ሳንዱቅ ሥር ነበር። አወጣሁትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ሌላ አልነበረም፤ ይሳቅ፣ ይናደድ፣ ብቻ አንድ ነገር ይበል። እየገለጥኩ ማጣጣል ጀመርኩ። ደግሞ የሚጣጣል ሞልቶታል፤ ፖሊሶቹ ሁሉ አንድ ፊት ነው ያላቸው፣ ሠዓሊው ሰንፏል። ሴቶቹ ሥራቸው መጮህና መታዘል ብቻ ነው፤ አንዷ እንኳ ባልዲ አታነሳም። ቀለሙ ከመስመሩ ወጥቶ ጉንጭ ላይ ፈሷል። ጭሱን የሣለው እጅ ግን የሌላ ሰው ነው እላለሁ፤ ጭሱ ይንቀሳቀሳል። ልጅ ሳለሁ ደግሞ ባለ ካባው ከአንድ ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ ወደኛ ያይ እንደነበር አስታውሳለሁ። ያንን ገጽ ብፈልግ አጣሁት። በየገጹ ጀርባውን ሰጥቶናል።

"ወደኛ የሚያየው የት ሄደ?" አልኩት።

"ድሮም ወደኛ አላየም" አለ ወንድሜ። ከዚያ ጭስ የሚመስለው ሰውዬ ላይ ጣቱን አሳረፈ። "ይሄ እኔ ነኝ።"

ይሄኔ ጎረቤታችን ወተት ይዘው ገቡ። ኤዶ እንላቸዋለን፣ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርተው የመጡ ስለሆነ ዐረብኛ ለሳቸው እንደ ውኃ ነው። እኛን ደግሞ "ሆዮ" ይሉናል፤ እናት ማለት ነው፣ የሶማሌ እናት ልጇንም እንዲሁ ነው የምትጠራው። ኮሚኩን በትከሻዬ በኩል አዩና ሳቃቸው መጣ።

"ወይ ጉድ! ሆዮ፣ ከቂጡ ነው እንዴ የምታነቡት? አምጪ፣ እኔ ላንብብ።"

ከእጄ ወስደው ገለበጡትና ከቀኝ ጀመሩ። ሰውዬው ከቤተሰቡ ጋር እራት ይበላል። ጩኸት ይሰማል። ካባውን ከሚስማር አውርዶ ይሮጣል፣ ከእሳት ውስጥ ሰው ተሸክሞ ይወጣል። "በያንዳንዱ ሰው ከኔ ትንሽ ይሄዳል" ይላል አሉ ኤዶ፣ ጣታቸውን በፊደሉ ሥር እየነዱ። ሳቃቸው እየቀነሰ መጣ። ሰውዬው ይሳሳል፤ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ አታየውም። መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱ። ባዶው መንገድ፣ የወደቀው ካባ።

"ከላይ የተጻፈው ስሙ ነው አይደል?" አልኳቸው።

"አይ ሆዮ" አሉ ቀስ ብለው። "አለቀ ነው የሚለው።"

ወንድሜ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ የሚያውቀውን ነገር እንደነገሩት ሰው። ኤዶ ፊቱን ሲያዩ ምን እንዳነበቡለት ገባቸው። ኮሚኩን ከድነው ትራሱ አጠገብ አስቀመጡትና ወተቱን እንዲጠጣ ለመኑት። አልጠጣም። ያን ዕለት ሠዓሊውንም ጸሐፊውንም ረገምኳቸው። የታወቀ ነገር ነው የጻፉት፤ ጀግናው ራሱን ይሰጣል፣ ያልቃል፣ አንባቢ ያለቅሳል፣ መጽሐፉ ይሸጣል። በደንብ የተሠራ ጭካኔ ነው። የኛው የተገለበጠው ይሻል ነበር፣ በፈጣሪ!

በነጋታው ጠዋት ክፍሉ ስገባ አልጋው ባዶ ነው። ጋቢው ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ከውስጡ ሰው ድንገት የወጣበት ይመስል ጎበጥ እንዳለ ቀርቷል። ኮሚኩ ትራሱ ላይ ተገልጦ ባዶው መንገድ ይታያል።

ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ኤዶ በባዶ እግራቸው ሮጠው መጡ። የግቢው በር ተከፍቶ ንፋሱ እያላተመው ነው። ያ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት እኔን ተደግፎ የሚሄድ ሰው! ኤዶ ክንዴን ያዙና "ሱቁ ጋ ነው፣ ሌላ የት ይሄዳል" አሉ። ወጣን።

መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ አቧራው ብቻ ከወዲያ ወዲህ ይላል። ተራው ተጠርጎ ለአዲስ ሱቅ የቆሙ እንጨቶች ብቻ ነበሩ። መሀላቸው አንድ ሰው በሸሚዝ ቆሟል። ከሩቅ ሳየው እንጨቶቹ በሱ ውስጥ አልፈው ይታዩኛል። ዓይኔን ጠረግኩ፣ አሁንም ይታዩኛል። ልጠራው ፈለግኩ፣ ፈራሁ። ከጠራሁትና ማንም ካልዞረስ?

"ጥሪው እንጂ!" አሉ ኤዶ።

ጠራሁት። ዞረ። ቀጥ ብሎ አየኝ። እንጨቶቹ ከኋላው ሆኑ፣ እሱ ከፊት። ሮጬ ደርሼ ክንዱን ጨበጥኩት። አጥንት ብቻ ነው፤ ግን ክንድ ነው።

"ባዶው መንገድ" አለኝ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። "በእኛ በኩል የመጀመሪያው ገጽ ነው እኮ።"

"የምን ገጽ! አንተ ጨካኝ! ልቤን ልታቆመው ነው? እንዲህ ዓይነት ቀልድ..." እያልኩ አለቅሳለሁ፣ ትከሻውን እደበድባለሁ። ኤዶም በሶማልኛ የራሳቸውን ያወርዱበታል።

እጄን ያዘኝ። ጋቢውን ከቤት ጀምሮ ታቅፌው እንደመጣሁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"ስድቡን ቤት ትጨርሺዋለሽ" አለኝ። "ጋቢውን ስጪኝ፣ በረደኝ።"