ብድግ ያላልኩበት ጠዋት

ትናንት ፌርፋክስ ክሊኒክ ስገባ፣ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጋ የነበረችው የኛ አገር ልጅ ብድግ አለችልኝ። ባለጎማ ወንበሯ ሲጥ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። «እትዬ፣ ይግቡ» አለችኝ። ያ የወንበር ድምፅ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

በሰማንያዎቹ፣ ኮሌጅ ሶሲዮሎጂ ስማር፣ እዚሁ ከተማ፣ ፓልምስ የሚባል ሰፈር፣ አንዲት የወሎ ሴት ቤት እኖር ነበር። እትዬ ነበር የምላቸው። ልብስ ፋብሪካ ሲሰፉ ውለው፣ የማሽን ዘይት እየሸተቱ ይመጡና መጽሐፌ አጠገብ ሳህን ያስቀምጡልኛል።

«ይሄ ትምህርት ምን ያሠራሻል?» አሉኝ አንዴ።

«ሰው እረዳበታለሁ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ጉረኛ!

ፈተና ሲደርስ እንቅልፍ አጣለሁ። «አብሽሪ ልጄ» ይሉኛል፤ በወሎዎቹ አፍ አይዞሽ ማለት ነው።

ተመርቄ የችግረኞች እርዳታ ቢሮ በሙከራ ተቀጠርኩ። ሶ፣ ሚራክል ማይል አካባቢ ሙቭ አደረግሁ፤ ስድስት ወር ሙሉ ዞር ብዬ እንኳን አልጠየቅኋቸውም። የቢሮው ደንብ የሚያውቁትን ሰው ፋይል መያዝ ይከለክላል።

አንድ ጠዋት ተራ ደርሷቸው የገቡት እትዬ ናቸው። ፋብሪካው ተዘግቶባቸው ኖሯል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፣ እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔ ብድግ ብዬ ጉልበታቸውን መሳም ሲገባኝ፣ ወንበሬ ላይ እንደተሰፋሁ በእንግሊዝኛ «ስምዎ ማነው?» አልኳቸው።

አለቃዬ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «ትተዋወቃላችሁ?» አለችኝ።

እውነቱን ብናገር ፋይሉ ለሌላ ሠራተኛ ይተላለፍ ነበር፣ በቃ። እኔ ግን እርዳታ የሚለምን ዘመድ እንዳለኝ ፈረንጆቹ እንዳያውቁብኝ ፈራሁ።

«ኖ» አልኩ።

አለቃዬ ወደ እሳቸው ዞረች። እትዬ ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኖ» አሉ እሳቸውም።

ቅጹን ቀና ሳልል ሞላሁ። ወረቀታቸውን አጣጥፈው ሲነሱ ጎንበስ አሉና፣ አለቃዬ በማትሰማው ድምፅ «አብሽሪ» አሉኝ። ያኔም አልተነሳሁም።

ድፍረት አግኝቼ ፓልምስ ስሄድ ቤቱን ለቀው ነበር። የት እንደገቡ የሚያውቅ ጠፋ።

ትናንት ያቺን ልጅ «ተቀመጪ፣ የኔ እናት፣ በሞቴ» አልኳት። እርስዎ ሳይቀመጡ አልቀመጥም ብላ ቆማ ጠበቀችኝ።